ማኅተሙ ደሴ፣ ቀብሩ ኮምቦልቻ፦ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ

ለምን ተጻፈ

«የአጥቢያ መሪዎችን ማብቃት» የሚል ሥልጠና ያልወሰደ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አሁን አሁን ማግኘት ይከብዳል። ሥልጠናው ይሰጣል፣ አበሉ ይከፈላል፣ ዮቶር ለሙሴ የሰጠው ምክር ከዘጸአት 18 ይነበባል፣ ሰዉም አሜን ብሎ ወደ አጥቢያው ይመለሳል። ሰኞ ጠዋት ግን የተሰበረ መስኮት ለማስጠገን «ለሚመለከተው» ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል። ሥልጠና መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሥልጣኑ ሳይወርድ ሥልጠናው ብቻ ሲወርድ ምን እንደሚሆን፣ ሥልጣኑም ሲወርድ ምን እንደሚበላሽ በቅርብ ያየሁት አንድ ጉዳይ ስላለ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

የማንንም ስም አልጠቅስም። ቤተ እምነቷም ያለ ስም ትለፍ። ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ናት፣ የቀጠና ጽ/ቤቷ ደሴ ነው፣ ነገሩ የተነሣው ኮምቦልቻ ነው። እኔ በኋላ ጉዳዩን እንዲያጠና በተቋቋመው ቡድን ውስጥ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። የቡድኑ ሰዎችም የኮምቦልቻዎቹም ይጻፍ ብለውኛል።

ዳራው

ቦታውን ለማያውቅ፦ ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፣ በመካከል የሐረጎ ዳገት አለ። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ትበርዳለች። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ቦርከና ዳር ትሞቃለች። በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ደብዳቤ ግን ይህን መንገድ ደርሶ መልስ ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጅበት ነበር።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው ድሮም ነበሩ። ሐምሌ 2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ደግሞ ከገጠሩም ከሩቅም ወጣቶች መጡ፣ ብዙዎቹ ሴቶች። አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ በፈረቃ ይሠራሉ፣ ትርፍ ጊዜያቸው ትንሽ ነው። ከእነሱ መካከል የወንጌል አማኝ የሆኑት እሑድ እሑድ የሚሄዱበት ቦታ ይፈልጉ ነበርና ቀድሞ የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ይበቃት የነበረችው ኅብረት ግቢ መከራየት ግድ ሆነባት።

ኅብረቷን የሚመሩት አራት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ከፋብሪካ በጡረታ የወጣ መካኒክ ነው፣ ሁሉም ጋሼ ይሉታል። አንዷ ነርስ ናት፣ ሲስተር እያልን እንቀጥል። ሌሎቹ አንድ መምህርና አንድ ወጣት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ናቸው። ደመወዝ የሚከፈለው የለም። ከደሴ የተመደበው ወንጌላዊ ኮምቦልቻን፣ ሐርቡንና ደጋንን እየተዘዋወረ ነው የሚያገለግለው፤ ስለዚህ አብዛኛውን እሑድ የለም።

አሁን ለደሴው ጽ/ቤት ፍትሐዊ ልሁን። ጽ/ቤቱ ጥብቅ የሆነው በክፋት አይደለም። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ደሴ ላይ ፕሮቴስታንት ተብሎ የተመዘገበው ከመቶ አንድ ሰው ገደማ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ሆነህ ስትኖር በአንድ አጥቢያ የተሠራ ስሕተት የሁሉም ራስ ምታት ይሆናል። ከመንግሥት ጋር፣ ከጎረቤት ጋር በአንድ አፍ መናገር ይሻላል ይባላል፤ ልክም ነው። ሌላው ሕጉ ነው። በዚህች ቤተ እምነት አጥቢያዎች የራሳቸው ሕጋዊ ሰውነት የላቸውም፤ የሚጠቀሙት የዋናውን ጽ/ቤት ነው። ባንክ ሒሳብ ለመክፈት ዋናው ጽ/ቤት መጻፍ አለበት። ቦታ ለመጠየቅም እንደዚያው። የቀጠናው ማኅተምም አንድ ነው፣ ደሴ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል።

ችግሩ

ምን ምን ነበር ደሴ ድረስ የሚሄደው? እንግዳ ሰባኪ መጋበዝ። ጥምቀት። የጌታ ራት። ጋብቻ። ሌላ ከተማ ለሚሄድ አባል መሸኛ ደብዳቤ። ለቀብር ቦታ ለማዘጋጃ ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ማንኛውም ወጪ፤ ይህ 500 ብር የተወሰነው መቼ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው አላገኘንም፣ ብሩ ብር በነበረበት ዘመን መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

የገንዘቡ አካሄድ እንዲህ ነበር። መባው ኮምቦልቻ ይሰበሰባል፣ ይቆጠራል፣ ኮምቦልቻ ባለው ቅርንጫፍ ባንክ ይገባል። ለማውጣት ግን የጣምራ ፊርማው ሁለቱም ደሴ ነው። የኅብረቷ ገንዘብ ያዥ ገንዘብ ማስገባት ትችላለች፣ ማውጣት አትችልም። ጥያቄ ካላት ለአጥቢያው ሽማግሌዎች ትጽፋለች፣ እነሱ ለቀጠናው ይጽፋሉ፣ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይገባል፣ ጸሐፊው ለሒሳብ ክፍል ይመራዋል፣ ሒሳብ ክፍል «በጀት መኖሩን አረጋግጫለሁ» ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያ ሥራ አስፈጻሚው እስኪሰበሰብ ይጠበቃል። ሥራ አስፈጻሚው በወር አንዴ ይሰበሰባል ተብሎ ነው የተጻፈው።

አንድ ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ የአዳራሹ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ጥያቄው በሰኔ ተጻፈ። ፈቃዱ የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ዝናቡ ቆሟል፣ የቆርቆሮ ዋጋ ጨምሯል፣ የተፈቀደው ብር አይበቃም። ስለዚህ ምን ተደረገ? ተጨማሪ ብር እንዲፈቀድ ደብዳቤ ተጻፈ።

ነገሩን ሁሉ ያገነፈለው ግን ጣሪያው አይደለም፣ ቀብሩ ነው። በፓርኩ የምትሠራ አንዲት ወጣት በድንገት አረፈች። ዘመድ በቅርብ የላትም፣ ሬሳውን ወደ አገሯ ለመላክ አቅም አልተገኘም። ማዘጋጃ ቤቱ የቀብር ቦታ ለመስጠት የቤተ ክርስቲያኗን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጠየቀ። ደሴ ተደወለ። ጸሐፊው ለሥራ አዲስ አበባ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍም አብሮት ሄዷል። ቅዳሜ ነው፣ ነገ እሑድ ነው። የኅብረቷ ወጣቶች የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው።

ችግሩን የፈታው የሠፈሩ እድር ነው። በወሎ እንደተለመደው እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ያለበት እድር ነው፤ ሊቀመንበሩ ሙስሊም ናቸው። «አብሽሩ፣ ልጅቷ መንገድ ላይ አትቀርም» ብለው የማዘጋጃውን ሰው በስልክ አገኙትና የእድሩን ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው ሄዱ። በማግሥቱ ተቀበረች። ድንኳኑን የተከሉት፣ ንፍሮውን የቀቀሉት ጎረቤቶች ናቸው። ጋሼ በኋላ ስብሰባ ላይ ሲናገር «ልጃችንን ለመቅበር የራሳችን ማኅተም እንቢ ሲለን የጎረቤት ማኅተም እሺ አለን» አለ። ይህን ንግግር ደሴ ያሉት አልወደዱለትም።

ጦርነቱ ያሳየው

ነገሩ በዚህ እያለ 2014 መጣ። ደሴ ከክረምቱ ጀምሮ ከሰሜን ወሎ በተፈናቀለ ሰው ተሞልታ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ሁሉ መጠለያ ሆኖ ነበር። በጥቅምት 20ዎቹ ደሴም ኮምቦልቻም በትግራይ ኃይሎች እጅ ገቡ። የቀጠናው ጽ/ቤት ሰዎች እንደ ብዙው ሰው ወደ አዲስ አበባ ወጡ። ማንም አይፈርድባቸውም። ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ።

ኮምቦልቻ ከቀሩት መካከል ጋሼና ሲስተር ነበሩ። እጃቸው ላይ ባንክ ያልገባ የጥቂት ሳምንት መባ ነበረ። እሱን ይዘው እህል ገዙ። አንድ ነጋዴ በዱቤ ጨመረላቸው። ለአባልም አባል ላልሆነም፣ በተለይ ሕፃን ላላቸውና ለአራሶች፣ ከእድሩ ሰዎች ጋር ተማክረው አከፋፈሉ። ሰው ሲሞት ቀበሩ። አንድ እሑድ ደግሞ ጋሼ ዳቦ ቆርሶ የጌታን ራት ሰጠ። ያልተሾመ ሰው ነው፤ በደንቡ አይችልም።

ሲስተር ይህን ሁሉ በደብተር ጻፈችው፣ ተራ ባለ ሃምሳ ሉክ የተማሪ ደብተር ነው። ቀን፣ የተገዛው፣ የተከፈለው፣ የወሰደው ሰው፣ መፈረም ለማይችል የአውራ ጣት አሻራ፣ ከሥር የሦስት ምስክር ፊርማ። አንዱ ምስክር ሁልጊዜ የእድሩ ሰው ነው። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም።

ኅዳር 27 ሁለቱም ከተሞች ከትግራይ ኃይሎች እጅ መውጣታቸው ተነገረ። ጽ/ቤቱ ተመለሰ። ተዘርፎ ነበርና እነሱም የራሳቸው ኀዘን ነበራቸው። ከተመለሱ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ከጻፏቸው የመጀመሪያ ደብዳቤዎች አንዱ ግን «ያለ ፈቃድ ወጪ የተደረገ ገንዘብን ይመለከታል» የሚል ነበር። ለተገዛው እህል ሦስት ፕሮፎርማ እንዲቀርብ ይጠይቃል። በዚያ ወር ኮምቦልቻ ውስጥ ፕሮፎርማ የሚሰጥ ሱቅ ቀርቶ የተከፈተ ሱቅ ማግኘትም ዕድል ነበር። ሁለተኛው ደብዳቤ ስለ ጌታ ራቱ ማብራሪያ ይጠይቃል። ጋሼና መምህሩ መልቀቂያ አስገቡ። ወጣቶቹ ደግሞ ደብዳቤም አልጻፉም፣ ዝም ብለው መቅረት ጀመሩ።

ሁኔታውን ያዳነው የውስጥ ኦዲተሩ ነው ማለት እችላለሁ። ዝምተኛ ሰው ነው። ደብተሩን ወስዶ መረመረና «በዚህ ዓመት ካየሁት መዝገብ ሁሉ ንጹሑ ይሄ ነው፣ የኛን ጨምሮ» ብሎ ጻፈ። ከዚህ በኋላ ነው ሥራ አስፈጻሚው አጥኚ ቡድን ያቋቋመው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቡድኑ መጀመሪያ ላይ እንደማንኛውም ቡድን ስለ ራእይ ማውራት ጀምሮ ነበር። ከመካከላችን አንዷ «መዝገቡን እናምጣውና ምን እንደምንፈቅድ እንየው» አለች። የተረፈውን የገቢና ወጪ ደብዳቤ መዝገብ አምጥተን ከኮምቦልቻ የመጣውን ጥያቄ በሙሉ ከመልሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥነው። ከጥቂቶቹ በስተቀር መልሱ ሁሉ «ተፈቅዷል» ነው። የተከለከሉት እነዚያ ጥቂቶች ደግሞ በጀት የለም ተብለው ነው እንጂ ጥያቄው ስሕተት ነው ተብሎ አይደለም። ታዲያ ይህ ሁሉ ፈቃድ ምን ጨመረ? ጊዜ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ይህ ወረቀት ስብሰባው ላይ ሲቀርብ ክርክሩ ሞቀ። አንድ አረጋዊ አባል የመሠረተ ክርስቶስን ታሪክ አነሡ። ደርግ በጥር 1974 ያችን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋት 5,000 ገደማ አባላት ነበሯት። ሕንጻው ተወረሰ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ጽ/ቤት የሚባል ነገር አልቀረም። አባላቱ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ተከፋፍለው ቆዩ፣ ብዙውን ቡድን የመሩት ምንም ሹመት ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው፣ ከነሱም ውስጥ ብዙ ሴቶች ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። አረጋዊው «ጽ/ቤት ሲጠፋ ቤተ ክርስቲያን አትጠፋም» አሉ። የቀጠናው ጸሐፊ ደግሞ «አባባ፣ ልክ ነው፣ ግን ያኔ ሒሳቡን ማን መረመረ? አሁን ግብር ሰብሳቢው ይጠይቀናል፣ ባንክ ይጠይቀናል፣ ረጂ ይጠይቀናል» አለ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ትክክል ነበሩ። የስደት ዘመን ታሪክ ድፍረት ይሰጣል፣ ለደረሰኝ ግን አይሆንም።

ከዚያ ውሳኔዎቹን በሦስት ከፈልናቸው። አጥቢያው ራሱ ወስኖ የሚጨርሰው፦ ጥገና፣ በጀት ውስጥ ያለ ወጪ፣ እንግዳ ሰባኪ፣ መሸኛ፣ ቀብር፣ ለተቸገረ መርዳት። አጥቢያው ወስኖ ለደሴ የሚያሳውቀው፦ ጋብቻ፣ ጥምቀት፣ አዲስ የኅብረት ቦታ መክፈት። ደሴ ብቻ የሚወስነው፦ መሬትና ሕንጻ፣ ብድር፣ ቅጥር፣ ሹመት፣ በልጆች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት የሚቀርብ አቤቱታ። የመጨረሻውን ሆን ብለን ነው ወደ ላይ ያወጣነው። እንዲህ ያለ ነገር ሁሉም የሚተዋወቅበት አጥቢያ ውስጥ በሽምግልና ሊድበሰበስ ይችላል።

የወጪው ጣሪያ ላይ ብዙ ተከራከርን። አንዳንዱ 5,000 ይሁን አለ፣ ሌላው 10,000። በመጨረሻ የብር ቁጥር አይጻፍ ተባለ፤ በጸደቀው ዓመታዊ በጀት ውስጥ ያለ ማንኛውም ወጪ የአጥቢያው ነው። ቁጥር ብንጽፍ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደ 500 ብሯ መሳቂያ ይሆን ነበር።

ባንኩ ከሁሉ የከበደው ነው። የጣምራ ፊርማው ወደ ኮምቦልቻ እንዲዞር ዋናው ጽ/ቤት መጻፍ ነበረበት፣ ዋናው ጽ/ቤት ደግሞ የራሱ መዝገብ ቤት፣ የራሱ ሥራ አስፈጻሚ አለው። ሥልጣን ለማውረድ ፈቃድ ፍለጋ ላይ ወጣን ማለት ነው። ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ሦስት ፈራሚ ሆነ፦ ሁለቱ ከኮምቦልቻ፣ አንዱ ከደሴ፣ ከሦስቱ የማንኛቸውም ሁለት ፊርማ ይበቃል።

ማኅተሙንስ? ሁለተኛ ማኅተም ማስቀረጽ አይቻልም ተባለ፣ ምክንያቱም አሳማኝ ነበር። መፍትሔውን ያመጣችው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት። እንደ ደረሰኝ ጥራዝ ተከታታይ ቁጥር ያላቸው የቀብርና የመሸኛ ደብዳቤዎች ታትመው፣ ማኅተምና ፊርማ አርፎባቸው ኮምቦልቻ ይቀመጡ፤ ሲያስፈልግ ስምና ቀን ብቻ ይሞላል፤ ቀሪው ላይ ለማን እንደተሰጠ ይጻፋል፤ ጥራዙ ሲያልቅ ተመልሶ ይመረመራል። ስንት ጉባኤ የተሰበሰበበትን ነገር እሷ በአንድ ሻይ ሰዓት ጨረሰችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር።

ለጌታ ራት ደግሞ ለአጥቢያ መሪዎች በየዓመቱ የሚታደስ የጽሑፍ ፈቃድ እንዲሰጥ ተወሰነ። ጋሼ መልቀቂያውን ሳበ። መምህሩ አልተመለሰም።

የሠራው

ቀብር ላይ ችግር የለም፤ ጥራዙ ሲስተር ቤት ነው ያለው። ጥገና በሳምንት ያልቃል። አንድ ክረምት ላይ ንፋስ ቆርቆሮ ሲገነጥል በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ተመታ።

መባው ጨምሯል። ሰዎቹ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ስላዩ ነው የሚል አለ፤ እኔም ይመስለኛል፣ ግን እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። በዚያው ጊዜ ፓርኩ ከዝርፊያው ለመነሣት ይታገል ነበር፣ አሜሪካ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ ከማስገባት ዕድል፣ አስወጥታ ነበር፣ አንዳንድ ወጣት ሥራ ሲያጣ ሌላው ገና ሲገባ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመባን ቁጥር ይዞ «ሥልጣን ማውረድ ገቢ ይጨምራል» ማለት አይቻልም።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ የጸሐፊው ለውጥ ነው። መጀመሪያ ላይ «ሁሉንም እናንተ ከጨረሳችሁት እኛ ምን ልንሠራ ነው?» ብሎ ነበር። ብዙዎች ሳቁበት። ጥያቄው ግን አያስቅም። ደብዳቤ መምራት ሥራው ነው፣ ደመወዙም ከአጥቢያዎች ከሚመጣው ፈሰስ ነው የሚከፈለው፤ ደብዳቤው ከቀረ እሱ ለምን ያስፈልጋል? ሌላ ሥራ ተጻፈለት፦ አጥቢያዎችን እየዞረ የሒሳብ አያያዝ ማሳየት፣ የቦታ ካርታና የይዞታ ጉዳዮችን ማዘጋጃ ቤት ድረስ መከታተል፣ የተጓተቱ የቀብር ቦታ ጥያቄዎችን ማስጨረስ። እነዚህ ለዓመታት ሰው ያጡ ሥራዎች ናቸው። አሁን ኮምቦልቻ ሲመጣ ቡና ይፈላለታል። በፊት ሲመጣ ደብተር ነበር የሚደበቅለት።

ያልሠራው

ከኮምቦልቻ ቀጥሎ አሠራሩ ወደ አንድ አነስተኛ ኅብረት ተዘረጋ። የት እንደሆነ አልናገርም። እዚያ ከፈራሚዎቹ አንዱ ብርቱ ሰው ነው፣ ኅብረቱን የመሠረተውም እሱ ነው። ሌላኛዋ ፈራሚ በየጊዜው መጠራት ሰልችቷት ባዶ ቼክ ላይ አስቀድማ ትፈርምለት ነበር። በዚህ መንገድ የአዳራሹ ወንበር ከዘመዱ ተገዛ፣ ዋጋውም የገበያ ዋጋ አልነበረም። በሩብ ዓመቱ ጉብኝት ተገኘ። ሰውዬው ልዩነቱን መለሰ፣ ከፊርማውም ወረደ።

ደሴ ላይ ወዲያው «አላልናችሁም?» ተጀመረ። ሥልጣኑ ከሁሉም አጥቢያ ይመለስ የሚል ሐሳብ ቀረበ፣ ሊያልፍም ትንሽ ቀርቶት ነበር። ያቆመው ኦዲተሩ ነው። በድሮው አሠራርም የጎደለ ሒሳብ እንደነበረ፣ ልዩነቱ ያኔ የሚገኘው ከዓመታት በኋላ መሆኑን አስታወሰ። የዚያ ኅብረት ሥልጣን ብቻ ለስድስት ወር ታገደ።

ወርኃዊ ሪፖርቱም መጀመሪያ ላይ አልሠራም። አጥቢያዎች በየወሩ አንድ ገጽ እንዲልኩ ተወሰነ፣ ላኩም። ግን ደሴ የሚያነበው አልነበረም። የስፌት ሠራተኛው ወጣት ጠርጥሮ የአንድ ወር ሪፖርት ቀኑን ብቻ ቀይሮ ደግሞ ላከው። ማንም አላወቀም። ይህን በጉባኤ ሲናገር ሰዉ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም ተባለ። አሁን ደንቡ ተቀይሯል፦ ሪፖርት ከደረሰ በ10 ቀን ውስጥ ጽ/ቤቱ ደውሎ ቢያንስ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ካልደወለ አጥቢያው የሚቀጥለውን ወር ሪፖርት አይልክም።

የሲስተር ጉዳይ ደግሞ ለእኔ ትልቁ ጉድለት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ኅብረቷን የያዘችው እሷ ናት፣ ይህን የማይመሰክር የለም። ደንቡ ግን ሴት ከሽማግሌዎች ጉባኤ እንድትገባ አይፈቅድም፤ ያንን የሚቀይረው የቤተ እምነቱ ጠቅላላ ጉባኤ እንጂ ደሴም ኮምቦልቻም አይደለም። ስለዚህ «አስተባባሪ» የሚል ስም ተሰጣት። ሒሳቡን ትይዛለች፣ ጥራዙን ትይዛለች፣ ለስብሰባው ቁጥሩን ታዘጋጃለች፣ ድምፅ ሲሰጥ ግን ትወጣለች። አንድ ቀን ጠየቅኋት። «ወንድሜ፣ እኔ ሥራ አጥቼ አላውቅም፣ ወንበሩን ነው ያጣሁት» አለችኝ። ቡድኑ ይህን በሪፖርቱ ውስጥ ጽፏል። መልስ አልመጣም።

ፈረቃውም አስቸግሯል። የተመረጡት ወጣቶች ግማሹ ማታ ይገባል፣ ግማሹ ጠዋት፤ ሁሉም የሚገናኝበት ሰዓት የለም። ቴሌግራም ላይ መወሰን ተሞከረ። ብዙ አሜን ተጻፈ፣ ማን ምን እንደወሰነ ግን አልታወቀም። አሁን የሚሠሩት ቅዳሜ ፈረቃ በሚቀየርበት ሰዓት በአጭሩ ተገናኝተው፣ ቃለ ጉባኤውን እዚያው ጽፈው፣ እዚያው ፈርመው ነው።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ቤተ ክርስቲያንም ባይሆን ማኅበር፣ እድር፣ የኅብረት ሥራ ያለው ሰው ከዚህ የሚወስደው አለ ብዬ አስባለሁ። መጀመሪያ የደብዳቤ መዝገቡን ክፈቱት። ስለ ማብቃት ከመነጋገራችሁ በፊት ያለፈውን ዓመት ጥያቄና መልስ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። መልሱ ሁልጊዜ «ተፈቅዷል» ከሆነ ያ ውሳኔ በበላይ ጽ/ቤት እጅ መቀመጥ የለበትም። ይህን ለማወቅ አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ኃላፊነት ስታወርዱ ፊርማውም አብሮ ይውረድ። በእኛ ጉዳይ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲወርዱ ነው ለውጡ የታየው፦ የመወሰን መብት፣ ገንዘቡ፣ ወረቀቱ። ከሦስቱ አንዱ ደሴ ቢቀር ሌሎቹ ሁለቱም ቀስ ብለው ሐረጎን ወጥተው ይመለሱ ነበር።

ላይ ያለውን ሰው ባዶ እጁን አታስቀሩት። ሥራው የተወሰደበት ሰው ሥራውን መልሶ የሚወስድበት መንገድ አያጣም፣ አንድ ሰርኩላር ይበቃዋል። ይልቅ እሱ ብቻ የሚችለውን ሥራ ጽፋችሁ ስጡት፣ በዚያም ገምግሙት።

አንዱ ሲያጠፋ አንዱን ቅጡ። ባዶ ቼክ የፈረመችውን ሴት ጉዳይ ይዞ የሁሉንም አጥቢያ ፊርማ መንጠቅ በጣም ይቀላል፣ በጉባኤም ያስጨበጭባል። ግን የፈረመችው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል። እቤቷ ከአዳራሹ ሩቅ ነው፣ በየቀኑ ትጠራ ነበር። አሁን እዚያ ቼክ የሚፈረመው በሳምንት አንድ ቀን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አሠራሩ ጥሩ ወሬ ስለሆነለት ሌላ ቀጠና ውሳኔዎቹን በሦስት የከፈልንበትን ሠንጠረዥ ጠይቆ ወሰደ። አትሞ ለአጥቢያዎቹ ሁሉ አደለው፤ የባንክ ፈራሚዎቹ ግን ለጊዜው ባሉበት ይቆዩ ተባለ። የዚያ ቀጠና አንድ ሽማግሌ በቅርቡ የጻፉትን ደብዳቤ ቅጂ አሳዩኝ። እንዲህ ይጀምራል፦ «በተሰጠን ሙሉ የመወሰን ሥልጣን መሠረት የአዳራሹን በር ለማስጠገን ይፈቀድልን ዘንድ በአክብሮት እንጠይቃለን።»